ቁስልሽን አሳዪን

በአሜሪካ የፌዴራል ደንቦች ክምር ውስጥ፣ የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ለማን እንደሚገባ የምትናገር አንዲት አጭር አንቀጽ አለች። ኮንግረስ በ1988 ባወጣው ሕግ መነሻነት በ1991 የተጻፈች ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግጥምና ልብ ወለድ ሲያነብ የኖረ ሰው ከመንግሥት ደንብ ምን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይህችን አንቀጽ እንደ መልካም ግጥም ደጋግሜ አንብቤያታለሁ፤ ስለ ሰው ገላ ከብዙዎቻችን ዐይን የተሻለ ታውቃለችና።

ስድስት ዓይነት ሰዎችን ትቆጥራለች። ቆሞ ሳያርፍ 200 ጫማ፣ በእኛ ልኬት 60 ሜትር ያህል፣ መራመድ የማይችለውን ታስቀድማለች። ቀጥላ ያለ ከዘራ፣ ያለ ክራንች፣ ያለ ሰው ሠራሽ እግር፣ ያለ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ያለ ደጋፊ ሰው መራመድ የማይሆንለትን ታነሣለች። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ትገባለች፦ ሳንባው ከመታመሙ የተነሣ በአንድ ሰከንድ በኃይል ተንፍሶ የሚያወጣው አየር 1 ሊትር የማይሞላለት፤ ኦክስጅን ይዞ የሚንቀሳቀስ፤ የልቡ ሕመም በአሜሪካ የልብ ማኅበር መለኪያ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ የደረሰ፤ በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ ወይም በአጥንት ሕመም ምክንያት መራመድ እጅግ የከበደው። ይህን የሚያረጋግጠውም ሐኪም ነው።

እስቲ እንቁጠር። ከስድስቱ መካከል በመኪና ማቆሚያው በኩል የሚያልፍ ሰው በዐይኑ አይቶ ሊመሰክርላቸው የሚችለው ሁለቱን ነው፤ ክራንቹንና የኦክስጅኑን ሲሊንደር። የመጨረሻው አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን ይሰወራል። የቀሩትን ሦስቱን ለማወቅ ወይ የሐኪም ማዳመጫ በጆሮ መሰካት ያስፈልጋል፣ ወይ ሰውዬውን 60 ሜትር ሙሉ ከኋላው መከተል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የማይታየውን ሕመም በልዩ አስተያየት በጓሮ በር አላስገቡትም፤ ከመጀመሪያው የአንቀጹ ዋና አካል ነው።

ሰዉ ግን አንቀጹን አያነብም። የሚያነበው ሥዕሉን ነው።

ያ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ የተሣለው ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ሰው በ1968 ሱዛን ኮፎድ በተባለች ዴንማርካዊት የዲዛይን ተማሪ የተነደፈ ነው። መጀመሪያ ሲነደፍ ራስ አልነበረውም፤ ወንበር እንጂ ሰው እንዳይመስል ተሰግቶ በማግስቱ ዓመት ክብ ጭንቅላት ተጨመረለት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሆስፒታል በር እስከ አውሮፕላን ጣቢያ የማይገኝበት የለም። ንድፉን አልነቅፍም። ምልክት ሁሉንም መሣል አይችልም፤ ከብዙው አንዱን መርጦ ሌላውን በእርሱ ማስወከል ዕጣው ነው። የትንፋሽ ማጠር በምን መስመር ይሣላል? ድካምስ? ችግሩ የሚመጣው ተመልካቹ ወካዩን ከተወካዮቹ ሁሉ ጋር ሲያምታታው ነው። ወንበሩን ሥዕሉ ላይ አይቷልና ከመኪናይቱም ወንበር እንዲወርድ ይጠብቃል። ወንበሩ ሳይሆን በሁለት እግሯ የምትሄድ ሴት ስትወርድ ተሰረቅሁ ይላል።

ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ስምንት ዓመት የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ከመሬት በታች በተሠራች ጠባብ ዳስ ተቀምጦ፣ ቲኬት እየቆረጠና ሒሳብ እየተቀበለ፣ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ልጆቹን ያሳደገ፣ ደብተር ሙሉ ግጥም የጻፈ ወገናችን ብዙ ነው። (የዳሷን ሥነ ጽሑፍ አንድ ቀን የሚሰበስብ ሰው ቢገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።) በእነዚያ ዓመታት ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለችውን ካርድ፣ የቋሚዎቹን ሰማያዊና የጊዜያዊዎቹን ቀይ፣ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁ እኔም አላውቀውም።

ስለዚህ ማጭበርበር የለም የሚለኝ ቢኖር አልስማማውም። ካርዷ የምትሰጠው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም፤ ሆኖም እናቱን ቤት አስቀምጦ የእናቱን ካርድ ሰቅሎ መሀል ከተማ የሚገባ ጎረምሳ አጋጥሞኛል። በአንዳንድ ከተሞች ካርዷ የመንገድ ላይ ክፍያን ስለምታስቀር ፈተናው ቀላል አይደለም። በ1999 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን 19 የወቅቱና የቀድሞ ተጫዋቾች ይህን ፈቃድ ያለ አግባብ ይዘዋል ተብለው ሲከሰሱ አገር ጉድ ብሏል። በ2017 ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት ኦዲተር የፈቃዱን መዝገብ ሲመረምር፣ መቶ ዓመት የሞላቸው ባለ ካርዶች ቁጥር በግዛቱ ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት የመቶ ዓመት አዛውንት ቁጥር በብዙ እጥፍ በልጦ አገኘው። ሙታን መኪና ያቆሙ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሙታኑ ካርድ የተገኘው እንዴት ነው? መዝገብ ከመዝገብ ጋር ተመሳክሮ ነው። አንድም ሰው በፀሐይ ላይ ቆሞ የሰው አረማመድ በማየት አላገኘውም፤ ሊያገኘውም አይችልም። የእናቱን ካርድ የሰቀለው ጎረምሳም ቢሆን የሚያዘው ተቆጣጣሪው የካርዷን ቁጥር ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ሲያስተያየው ነው። ስለ ኳስ ተጫዋቾቹ፣ «እነርሱንስ ዐይን ብቻውን ይለያቸው ነበር» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ይሁን፤ ዐይን ጥርጣሬ ሊጭር ይችላል። ጥርጣሬና ፍርድ ግን አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ምርመራ የሚባል ነገር አለ፤ እርሱንም የሚያደርግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው አለ።

አሁን ወደ እኅቴ ልምጣ፤ ፈቅዳልኛለች።

ታናሽ እኅቴ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለን ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት ነበር፤ ቶንሲል ነው ተብሎ በቤት መድኃኒት ይታለፋል። በአገራችን ብዙ ልጆችን እንዳገኛቸው ሁሉ ያልታከመው የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ወረደ፤ ሐኪሞቹ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ነው። ቁርጥማቱ ጉልበቷን ለቅቆ ሄደ፣ የልቧ ቫልቭ ግን ተበላሽቶ ቀረ። ለዓመታት በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ስትወጋ ኖረች፤ እዚህ ከመጣች በኋላ ቫልቩ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። ጥገናው ሕይወቷን አትርፎላታል፤ ጉልበቷን ግን አልመለሰላትም። በልብ ማኅበሩ መለኪያ ሦስተኛ ደረጃ ማለት እንግዲህ እንደ እርሷ ነው፦ ተቀምጣ ስታያት ምንም አይጎድላትም፤ ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ መልኳ ያማረ ነው። ከሰው ሁሉ ያነሰ እንቅስቃሴ ስታደርግ ግን ትንፋሿ ያጥራል፣ ልቧ ይመታል፣ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። ደግሞም ቀን ከቀን አይመሳሰልም። ማክሰኞ ደረጃ ወጥታ ረቡዕ ከመኝታ ክፍሏ እስከ ወጥ ቤት መድረስ ያቅታታል።

አንድ እሑድ ቨርጂኒያ ውስጥ ለቅዳሴ ሄድን። ነጠላዋን አጣፍታ ከመኪናው ስትወርድ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ከዘራቸውን ተመርኩዘው አጠገባችን ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ነው።»

«አዎ አባባ፤ ፈቃድ አለኝ» ብላ ስፖኪዮው ላይ ያለችውን ካርድ አሳየቻቸው።

«ፈቃዱንማ ማን ያጣል! እዚህ አገር ወረቀት ምን ይቸግራል? እግርሽ ደኅና፣ ወገብሽ ደኅና … ለደካማ ሰው ብትተዪው ምን አለበት የኔ ልጅ? እግዜርንስ አትፈሪም?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ለደካማ ተቆርቁረው፣ ሕግ ሊያስከብሩ፣ በአባትነት ወግ «የኔ ልጅ» ብለው ነው የተናገሩት። እኅቴም አልመለሰችላቸውም። «ልቤ ነው» የምትል አንዲት አጭር መልስ ነበረቻት፤ ዋጠቻት። ከነጠላዋ ሥር፣ ከአንገቷ ግርጌ ጀምሮ በደረቷ መካከል የወረደ ጠባሳ አለ። ያንን ለማያውቋት ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገልጣ ማሳየት ነበረባት? የተጠየቀችው በሌላ አነጋገር ይኸው ነበር፤ ቁስልሽን አሳዪን።

በሳምንቱ ከአንድ የገበያ አዳራሽ ፊት መኪና አቆምን። ስትወርድ አነከሰች። ደነገጥኩ።

«እግርሽን ምን ነካው?»

«ምንም። ሰዎቹ ቆመው እያዩን ነው» አለችኝ፤ እስከ በሩ ድረስም እያነከሰች ሄደች።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የቀኝ እግሯ ነው፤ ምንም ያልሆነው እግሯ። ሰው ልቧን ማየት ስላልቻለ እግሯን አዋሰችው። በዓይን የማይታይ ሕመም ያለባቸው ሌሎች ሰዎች እንዲሁ እንደሚያደርጉ ከዚያ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ከዘራ የማያስፈልገው ከዘራ ይይዛል፣ ሌላው ከመኪናው ሲወርድ ጎንበስ ይላል። አስመሳይን ለመያዝ የወጣው ዐይን እውነተኛይቱን በሽተኛ አስመሳይ አደረጋት። እውነተኛው አስመሳይ ግን ደንታ የለውም፤ ዐይን ስለማያፍር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የምናሳድደው አንዱን ሆኖ የምንመታው ሌላውን ነው።

ራስን ዘብ አድርጎ መሾም የት ድረስ እንደሚወስድ ማየት ለሚፈልግም ምሳሌ አይጠፋም። በሐምሌ 2018 ፍሎሪዳ፣ ክሊርዋተር ከተማ፣ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይህንኑ ቦታ የሚጠብቅለት ያላጣ ሰው፣ ያለ ፈቃድ መኪና ካቆመች ሴት ጋር ተጨቃጨቀ። የልጆቿ አባት ከሱቁ ወጥቶ ገፍትሮ ጣለው፤ የወደቀውም ሽጉጥ አውጥቶ ገደለው። ገዳዩ በ2019 በሰው መግደል ወንጀል ተፈርዶበት 20 ዓመት ተቀጣ። ሴትዮዋ ፈቃድ አልነበራትም፤ ይህ እውነት ነው። የመቀጮ ወረቀት ሊያስተካክለው ይችል የነበረ ጥፋት ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ልዩ ሸክም ያለብን ይመስለኛል። አንደኛው ከቋንቋችን ነው። ድሮ «አካለ ስንኩል» ይባል ነበር፤ የሚያዋርድ ሆኖ ስለተገኘ «አካል ጉዳተኛ» በሚለው ተተካ። መተካቱ ደግ ነው። ሁለቱም ቃላት ግን «አካል» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሰሚውም ወዲያው የተጎዳውን አካል በዐይኑ መፈለግ ይጀምራል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት የአእምሮንም የስሜት ሕዋሳትንም ጉዳት አብሮ ይቆጥራል፤ የአማርኛው ስሙ ግን በራፉ ላይ «አካል» ብሎ ጽፏል። የተሻለ ቃል አለኝ ብዬ አይደለም። የቃሉ ጥበት እንደሚያስስተን ለማስታወስ ያህል ነው።

ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያመጣነው ልማድ ነው። ልጅ ሆነን ስንሳለም በደጁ የተደረደሩትን ነዳያን እናውቃለን። እግሩ የቆሰለው ቁስሉን ገልጦ፣ እጁ የተቆረጠው ጉማጁን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሳንቲሙም ወደዚያው ይወድቃል። ከግንቡ ጥግ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው፣ ውስጡን የሚያመው ሰው ግን «ጤነኛ ነው፤ ሠርቶ አይበላም?» ይባላል። ርኅራኄያችን ሁልጊዜ ማስረጃ በዐይኑ ይሻል። ያ ዐይን ውቅያኖስ ተሻግሮ ቨርጂኒያ መኪና ማቆሚያ ቆሟል።

የሚገርመኝ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሕመምን በመሸሸግ ማን ያህለናል! «ሆድ ይፍጀው» የምንል ሕዝብ ነን። ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጆቿ የስኳር በሽታዋን ሸሽጋ ዓመታት ትኖራለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የተተረተው የሚደብቀው ቢበዛ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን በሆዳችን አንድ ነገር ሸሽገን እየሄድን፣ የሌላው ሰው ሕመም ግን ፊት ለፊት ካልታየን አናምንም። ሰምና ወርቅን በዚህ ቦታ ማንሣት የተለመደ ማሳመሪያ ነው፤ ቢሆንም አልፈው ዘንድ አልቻልኩም። አንድ መስመር ግጥም ሲነገረን ከላይኛው ትርጉም ሥር ሌላ ይኖራል ብለን ጆሯችንን የምናቀና ሰዎች፣ ሰው ፊት ስንቆም ሰሙን አይተን እንበቃለን።

እንግሊዝ በሕጓ ትንሽ ቀድማለች። በ1970 ከወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በኋላ በ1971 ብርቱካናማ ካርድ መስጠት ጀምራ፣ በ2000 ወደ ሰማያዊ ቀይራዋለች፤ ከነሐሴ 30 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም ካርዱን የሚያገኙበት መንገድ በግልጽ ሰፍቷል፤ እንደ ኦቲዝም ያለ፣ መራመድን ራሱን ሳይሆን ጉዞውን መከራ የሚያደርግ ነገር ማለት ነው። ከዚያው ከእንግሊዝ የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ በ2016 ጋትዊክ አውሮፕላን ጣቢያ የተጀመረው ባለ ሱፍ አበባ የአንገት ማንጠልጠያ። ያጠለቀው ሰው የማይታይ ጉዳት እንዳለበት ለሠራተኞች ያመለክታል። የጠቀማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለእኅቴ ግን አላመጣላትም። ካርድ መኪና ላይ ይንጠለጠላል፣ አበባው አንገት ላይ፤ በዚህ ከቀጠልን መጨረሻው የት ነው? ሰው ሕመሙን ለብሶ ካልወጣ የማይታመንበት ሥርዓት ደግ አሳቢ ቢሠራውም ቅር ያሰኘኛል። ለነገሩ እርሷ ስትጠየቅ የሰጠችኝ ምክንያት ከኔ ፍልስፍና ያጠረ ነበር፦ «ከቀሚሶቼ ጋር አይሄድም።»

ካርዷ ላይ የበሽታ ስም አይጻፍም። ቁጥር አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ፣ በቃ። የተረሳ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ካርዷ የምትለው፣ «ማወቅ የሚገባው ሰው አይቶ አረጋግጧል፤ አንተ ደግሞ ማየት የለብህም» ነው። ሐኪሙ የፈረመበትን፣ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የመዘገበውን ነገር መንገደኛ በድጋሚ ሊመረምር ሲነሣ የሚቃወመው እኅቴን ብቻ አይደለም። ካርዷ ጊዜዋ ያለፈ ከመሰለው ወይም ከነአካቴው ካርድ ከሌለ የሚደወልበት ቁጥር አለ፤ ይደውል። ካርዷ ካለች ግን ጉዳዩ ከእርሱ እጅ ወጥቷል።

እኅቴ ከዚያች እሑድ ወዲህ ወደዚያ ደብር አልሄደችም። ቅዳሴውን አልጋዋ ላይ ሆና በስልኳ ትከታተላለች፤ ቀን ሲቀናትም፣ ሰው ሳይመጣ በሳምንቱ መካከል ደርሳ ትሳለማለች። በበኩሌ ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው እሑድ እሑድ መኪና የሚያስተናግዱት ወጣቶች ካርዷን ብቻ እንዲያዩ፣ ከማስታወቂያው ጋርም አንድ ዐረፍተ ነገር ለምእመኑ እንዲነበብ፦ «በዚህ ቦታ መኪና የሚያቆሙ ሁሉ ሕመማቸው ላይታይ ይችላል።» ጸሐፊው በትሕትና ደውለው ለጉባኤው እንደሚያቀርቡልኝ ነገሩኝ። ሦስት እሑድ አልፏል፤ አልተነበበም። በአራተኛው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።